የፈንታው ኦርጋንና የአያ ይመር ማሲንቆ

እኛ መርሳ ውስጥ ሰው ሁሉ አፉ ላይ የምትገኝ አንዲት አባባል አለች። ፈተና ወድቆ ውጤቱን የደበቀ ልጅ በእሷ ይገሠጻል፤ ላም ጠፍታበት ለሚስቱ ያልነገረ ባልም በእሷ ይወቀሳል። ከየት መጣች ብለህ ብትጠይቅ ግን «የጥንት አባቶች ናቸዋ ያሏት» ብለው ያልፉሃል። ምን የጥንት! የተናገሯትን ሰውዬ እኔ ራሴ አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ዕድር ነን። ደግሞ ሰዉ ሁሉ የሬሳ ነገር ትመስለዋለች እንጂ፣ በታሪኩ ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም። የሞተው ኦርጋን ነው። እስቲ ቁጭ በልና ስማኝ፤ ሳታውቅ አትጥቀሳት።

ፈንታው ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነበር። እጁ የተባረከ ነው። ሌላው አገላብጦ አይቶ «ጣለው» ያለውን ዕቃ እሱ ሕይወት ይዘራበታል። አንድ ጉድለት ብቻ አለችው፤ ሰውን ቅር አሰኝቶ መመለስ አይሆንለትም። ሬዲዮህን ሰጥተኸው «መቼ ልምጣ?» ስትለው «ነገ» ይልሃል። ነገ እንደማይደርስ እሱም ያውቀዋል፣ አንተም ታውቀዋለህ። ክፋት የለበትም፤ ፊትህ ሲጠቁር ማየት ስለማይችል ነው። እናቱ በሕይወት ሳሉ «የኔ ልጅ ለሌባም እንቢ አይል፣ በር ይከፍትለታል» እያሉ ይስቁበት ነበር።

አጥር የሚጋራቸው ጎረቤቱ አያ ይመር ናቸው። አያ ይመር ማሲንቆን ከአባታቸው፣ አባታቸው ከአያታቸው የወረሱ፣ ስንቱን ሰርግ ያደመቁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ወድቀው ወገባቸውን ተሰብረው አልጋ ከያዙ ወዲህ ግን ሰርጉንም ድግሱንም ትተውታል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይሉና ለሚስታቸው ብቻ ይጫወታሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ ቀኑን ሙሉ ጣራ ጣራውን ሲያዩ የሚውሉት ያችን ሰዓት እየጠበቁ ነው። «ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ሁሉ ለእኔ መንገድ ነው» ይሉ ነበር።

አያ ይመርን ደግሞ የግራ እጃቸውን ጣቶች ቁርጥማት ያዛቸው። ሁለቱ ደርቀው ቀሩ፤ በቀሩት ሁለቱ ነበር ክሩን የሚጫኑት። መንገድ ላይ ቆሞ የሚሰማ ሰው ልብ አይለውም። ሚስት ግን ሚስት ናት።

«ተው ይመር፣ ይበቃል» አሉ አንድ ቀን እትዬ ማንጠግቦሽ። «ጣትህን ሲያምህ እኔ ከዜማው እሰማዋለሁ። ሙዚቃው መሐል እህ ትልብኛለህ።»

«ምን አለብሽ፣ ሕመሙ ለኔ አይደል?»

«ለኔም ነው እንጂ። አንተ እያመመህ እኔ እንዴት ደስ ይለኛል?»

ፈንታው ያን ዕለት ሬዲዮአቸውን ሊሠራ ገብቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ እሱ ዞሩና፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት ብቻ እንደ ማሲንቆ የሚያለቅስ ዕቃ በዓለም ላይ የለም ወይ ብለው ጠየቁት። ኦርጋን አለ አላቸው። አያ ይመር ሳቁ። የሰርግ ቤቱን ኦርጋን እንደሚያውቁት፣ የኛን ቅኝት ሲነካ በድምፅና በድምፅ መካከል ያለችውን ነገር እየዘለለ እንደሚያልፍ፣ እንደዚያ ያለውን ለማንጠግቦሽ ከማሰማት ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚሻል ነገሩት። ፈንታው መፍቻውን አስቀመጠና «የማይዘል ኦርጋን እኔ እሠራልዎታለሁ» አለ። እንግዲህ እዚያች ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ብዙ ቀን እየተመላለሰ የአያ ይመርን ማሲንቆ እያንዳንዷን ድምፅ ቀዳ። ከወደቁ ዕቃዎች ቦርድ ለቃቅሞ፣ ካርቶን ላይ ቁልፍ ደርድሮ አንድ አስቀያሚ ነገር ሠራ። አስቀያሚ ይሁን እንጂ ጣትህን ስታሳርፍበት የአያ ይመር ማሲንቆ ነው ቁርጥ። ያንን በስልኩ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው፤ በሦስት ቀን ውስጥ አገር ምድሩ አየው። የደሴና የወልዲያ ሰርግ ቤት ተጫዋቾች፣ የሙዚቃ አስተማሪዎች፣ አዲስ አበባም ጅዳም ያሉ የመርሳ ልጆች «ሥራው፣ እኛ እናዋጣ» አሉት። ያዋጣ ሁሉ በተራው አንድ አንድ ኦርጋን ሊደርሰው፣ የመጀመሪያዋ ግን ለአያ ይመር ቤት ልትሆን ተስማሙ። በዚያ ላይ የተከራከረ ሰው አልነበረም። ፈንታውም እንደ ልማዱ «ከስድስት ወር አይበልጥም» አለ።

የመጀመሪያው መዘግየት ከእንጨቱ መጣ። የካርቶኑን አፍርሶ አዲሱን ሳጥን ያሠራው በዋንዛ ነው፤ ዋንዛው በደንብ ሳይደርቅ ኖሮ ክረምቱ ሲገባ ተጣሞ ቁልፎቹን አንጋደዳቸው። ቀጥሎ ከውጭ ያዘዘው ቦርድ ሲመጣ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እሱን መልሶ፣ ትክክለኛውን እስኪያገኝ ሌላ ክረምት አለፈ። በመካከሉ አያ ይመር ለሙከራ ተጠርተው የባቲን ቅኝት ሰሙና «ይሄ ባቲ ነው አልክ? ባቲ የሄደ ሰው ነው እንጂ» አሉት፤ እንደገና ከሥር ጀመረ። ያዋጡት ሰዎች ደግ ነበሩ። «አይዞህ፣ ጥሩ ነገር ይቆያል» ይሉታል። አንዱ ቀልደኛ ብቻ «ፈንታው፣ ልጄ ሳይወለድ ነበር ያዋጣሁት፣ አሁን ጥርስ አውጥቷል፤ ያንተስ ኦርጋን ጥርስ አወጣ ወይ?» ብሎ ጻፈለት። ፈንታውም አብሮ ሳቀ። ይህን ሁሉ እንቅፋት አንድም ሳይደብቅ ይነግራቸው ነበር፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ኋላ «ግን ትንሽ ነው የቀረን» የሚል ነገር ነበረው።

በመጨረሻ ቦርዶቹ ደረሱ። ገጣጠማቸውና የመጀመሪያዎቹን ኦርጋኖች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ሲሠሩ ውለው እንደማይግሉ ለማየት ሁሉንም ሶኬት ላይ ሰካቸው። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። መርሳ ውስጥ መብራት ሲሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ይነቅላል። ሲመለስ አንዳንዴ ኃይሉ አብጦ ነው የሚመጣ። ይህን ለሰው ሁሉ የሚመክረው ራሱ ፈንታው ነበር። ኃይል የሚያመጣጥንለት ስታቢላይዘርም ነበረው፤ ግን የሥጋ ቤቱ ባለቤት «ፍሪጄ ሊቃጠልብኝ ነው» ሲለው እንቢ ማለት አቅቶት አውሶታል።

ሊነቅል ብድግ ሲል የዕድራችን ጡሩምባ በሩ ላይ ተነፋ። የሰፈሩ ሰው አባ ጥላሁን ዐርፈው ቀብሩ ለዚያው ቀን ነበር። ድንኳን ከሚተክሉት ሰዎች አንዱ ፈንታው ነው፤ ሰው እየጠበቀው ነው። ጃኬቱን ይዞ ሮጠ።

እኛ አፈር ስናለብስ መብራት ተመለሰ። ከመቃብሩ ሆነን እንኳ የአንዱ ሱቅ አምፖል ሲፈነዳ ሰምተናል። ፈንታው አካፋውን እንደያዘ ቀና አለና ወደ ከተማው አየ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። ሰው የሟች ሐዘን መስሎት ትከሻውን ነካ ነካ አደረገው። ሲመለስ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አንድ በአንድ ከፈታቸው፤ ቦርዶቹ ሁሉ ጠቁረዋል። የሰው ሁሉ መዋጮ፣ የዓመታት ልፋት ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ሞቷል። ፈንታው አላለቀሰም። በሩን ዘጋና መሬት ላይ ተቀመጠ።

አሁን እንግዲህ «ለምን ወዲያው አልተናገረም?» ትለኛለህ። ሊናገርማ አስቦ ነበር። ግን በኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ መንገድ ላይ አይወረወርም። ሽማግሌ ይያዛል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሊነጋጋ ሲል ተሂዶ ሰውየው ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ፈንታው በልቡ «ይሄም መርዶ ነው፤ በወጉ ነው የማረዳቸው» አለ። በወጉ መሆኑ ደግ ነበር። ነገር ግን ወጉ ለፈሪ ሰው መደበቂያም ይሆናል። ሰኞ ሲሆን «ሳምንቱን በመርዶ አላስጀምራቸውም» ይላል። ማግስቱን ገበያ ነው ይላል። ከዚያ ደግሞ «ዛሬስ ማርያም ናት» ይላል። በዚህ መሐል ያዋጡት ሰዎች «እንዴት ሆነ?» ሲሉት የቆየ ፎቶ አውጥቶ ለጠፈና «ሊያልቅ ነው፤ በዚህ ቅዳሜ ለአያ ይመር እናስረክባለን» ብሎ ጻፈ። ጣቱ ነው የጻፈው፤ ልቡ አልነበረበትም።

አንድ ቀን እንደ ምንም ብሎ ጋሽ ጓንጉል ዘንድ ሄዶ ነበር። ጋሽ ጓንጉል የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ገና ሲያዩት ወንበር ሳቡለት።

«ፊትህ የለቅሶ ፊት ነው። ማነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተ፣ ጋሽ ጓንጉል።»

«እንግዲያው ምን ሆነህ ነው?»

«እንዲሁ ደህንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እኔማ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆንከው አንተ ነህ» አሉት። ሳቀና የቀረበለትን ጠላ ጠጥቶ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ አያ ይመር ቤት እንግዳ መጣ። ጎበዜ የሚባል የእህታቸው ልጅ ነው፤ እሱም አዝማሪ። ወደ መተማ ሊሻገር፣ እዚያ ሥራ ሊጀምር ጉዞ ላይ ነበር። አውቶቡሱ ጣራ ላይ የጫነው ማሲንቆ ሻንጣ ተጭኖት አንገቱ ተሰብሮበታል፤ ሊሰናበት የመጣው ባዶ እጁን ነው። በአያ ይመር ዘር ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ባለቤቱ የማይጫወትበት ማሲንቆ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። መንገድ ለሚሄድ ተጫዋች ይሰጣል፣ ከተሰጠም አይጠየቅም። አባታቸው እንዲያ አድርገዋል፣ አያታቸውም። ኦርጋኑ ቅዳሜ ከመጣ ማሲንቆው ሊሰቀል ነው። ጎበዜ ደግሞ የሚሄደው ዓርብ ጠዋት ነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ «ኦርጋኑ በር ሲገባ ያን ጊዜ ስጠው» አሉ።

«ልጁ እኮ ነገ ይሄዳል።»

«እንግዲያው ፈንታውን ደግመህ ጠይቀው።»

አያ ይመር ወጥተው በአጥሩ ላይ ተጣሩ። ፈንታው ቀርቦ ቆመ።

«ቅዳሜ ይደርሳል ያልከው የእውነት ነው?» አሉት።

ፈንታው የአጥሩን እንጨት ይነካካ ጀመር።

«የቁርጡን ንገረኝ፣ ልጄ። ባይደርስም አልወቅስህም፤ ይሄን ያህል ታግሠን የለ። የምወስነው ነገር ስላለኝ ነው እንጂ አላስቸግርህም ነበር።»

ከዚህ በላይ ምን በር ይከፈትለት? ደግሞ ምን ሊወስኑ እንደሆነ ቢጠይቃቸው ይነግሩት ነበር። አልጠየቀም፤ የጠየቀ ይጠየቃል ብሎ ፈራ። አያ ይመር የታመመውን እጃቸውን አጥሩ ላይ አሳርፈው፣ ዓይን ዓይኑን ያዩት ነበር። ያ ፊት ሲጠቁር ማየት አልቻለም።

«ቅዳሜ ነው፣ አያ ይመር። በእግዚአብሔር ፈቃድ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ተመለሱ። ለሚስታቸውም «ፈንታው ለኔ አይዋሽም» አሏቸው። ከዚያ ማሲንቆውን አወረዱ። ቆዳውን በመዳፋቸው አብሰው፣ ክሩን አጥብቀው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ለጎበዜ ሰጡት። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ጎበዜ ተሳፍሮ ሄደ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ሆነ። ፈንታው ሱቁ ውስጥ እጁን አጣጥፎ የማሲንቆውን ድምፅ ጠበቀ፤ የለም። እትዬ ማንጠግቦሽ ብሶባቸው ይሆናል ብሎ ደነገጠ እንጂ ሌላ አልጠረጠረም። ቅዳሜም ያው ዝም ነው። ያ ዝምታ አላስቀምጠው አለ። ሱቁን ክፍት ትቶ ጋሽ ጓንጉል ዘንድ ሄደ፤ ገና ከደጅ ቆሞ ሁሉንም ዘረገፈው። ጋሽ ጓንጉል እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ያን ዕለት መጥተህ ጠላ ጠጥተህ የሄድከው ይሄን ይዘህ ነው?»

«የሚሆን ቀን እየፈለግሁ ነው፣ ጋሽ ጓንጉል።»

«ለመርዶ የሚሆን ቀን ማን ሰጠህ? አንድ ንጋት ይጠበቃል፣ እሱም ሰውየው እንቅልፉን እንዲጠግብ ነው። አንተ ግን ለራስህ ነው የጠበቅህ» አሉት። እንደ ማዘንም እንደ መቆጣትም አደረጋቸው። «በል ነገ ማለዳ አብረን እንሄዳለን።»

እሑድ ሊነጋጋ ሲል የአያ ይመርን በር አንኳኩ። አያ ይመር ከፍተው ጋሽ ጓንጉልን ሲያዩ የበሩን መቃን ያዙ። በዚያ ሰዓት ጋሽ ጓንጉል በርህ ላይ ከቆሙ ምን ማለት እንደሆነ መርሳ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ማነው?» አሉ አያ ይመር። «ጎበዜ ነው? መኪናው ተገለበጠ?»

«የሞተ ሰው የለም፤ ተቀመጥ ይመር» አሉ ጋሽ ጓንጉል። ደገፍ አድርገው በረንዳው ላይ አስቀመጧቸውና ወደ ፈንታው ዞሩ። «መርዶው ያንተ ነው፤ አንተው ተናገር።»

ፈንታው ተናገረ። ጡሩምባውንም፣ ሳይነቅል መሮጡንም፣ የጠቆሩትን ቦርዶችም ነገራቸው። አያ ይመር እየሰሙ ፊታቸው ተፈታ፤ ትንሽም ሳቅ አሉ።

«ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ? እኔማ የሰው ነፍስ መስሎኝ። አይዞህ ልጄ፣ ዕቃ ይተካል። ያዋጣውም ሕዝብ አይጨክንብህም፣ እኔ እለምንልሃለሁ።» ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «መቼ ነው የተቃጠለው?»

«በአባ ጥላሁን ቀብር ዕለት።»

እጃቸው ትከሻው ላይ ቀረ። የአባ ጥላሁን ሁለተኛው ሳምንት አልፏል።

«እንግዲያው ሐሙስ ስጠይቅህ ታውቅ ነበራ።»

«አውቅ ነበር፣ አያ ይመር።»

አያ ይመር እጃቸውን ሰበሰቡ። «ሐሙስ ማታ ማሲንቆዬን ለጎበዜ ሰጠሁት» አሉ።

ፈንታው ብድግ አለ። «እደውልለታለሁ። እኔ ራሴ መተማ ድረስ ሄጄ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«ተቀመጥ። የሰጠሁትን አልጠይቅም። ብጠይቅስ ልጁ በምን ይኖራል? የሱ ተሰብሮበት አይደል?»

«ሌላ ማሲንቆ ይሠራል እኮ» አሉ ጋሽ ጓንጉል ቀስ ብለው።

«ለማን ጣት ነው ጓንጉል? ያ ማሲንቆ አርባ ዓመት ሙሉ እጄን ለምዷል። ክሩ ገና ሳልጫነው ነበር የሚመልስልኝ። አዲስ ክርና አዲስ ቆዳ ጉልበት ይፈልጋል፤ በነዚህ ሁለት ጣቶች አንድ ዜማ አላወጣበትም።» ወደ ፈንታው ዞሩ። «ሐሙስ ዕለት አልደረሰም ብትለኝ ኖሮ ምን ነበረበት? ከነሕመሜ እጫወትላት ነበር። ኦርጋኑን እግዜር ወሰደው፤ ይሄንን ግን አንተ ነህ የወሰድክብኝ።»

እንዲህ አሉና አለቀሱ። ፈንታውም ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ቦርዶቹ በተቃጠሉ ዕለት ያላለቀሰውን ጨምሮ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙትና አልፈቀዱለትም። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ጋሽ ጓንጉል ቆመው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከጓዳ የእትዬ ማንጠግቦሽ ድምፅ መጣ።

«ይመር፣ እነማን ናቸው? የፈንታው ድምፅ ነው አይደል? አመጣልን እንዴ?»

አያ ይመር ደንግጠው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ጉሮሯቸውን አጽድተው ድምፃቸውን ደህና አስመሰሉት።

«አዎ፣ ፈንታው ነው። ትንሽ ነው የቀረችው እያለኝ ነው፣ ማንጠግቦሽ። ለማክሰኞ...»

ጋሽ ጓንጉል ክንዳቸውን ያዝ አድርገው ከተቀመጡበት አስነሧቸው። ፈንታውንም በሌላው እጃቸው ያዙት፤ ሁለቱንም ወደ ጓዳው በር እየመሩ እንዲህ አሉ፦ «ተው ይመር፣ አንተ ደግሞ እንዳትጀምረው፤ ና አብረን ገብተን እንንገራት፤ የሰነበተ መርዶ ሁለቴ ያስለቅሳል።»